ሽኮኮ በየት በኩል ነው የዝሆን ዘመድ የሚሆነው?

መምህር ከሰሜን ሸዋ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼን ይዤ ከከተማችን ወጣ ብሎ ወደሚገኝ ገደል አፋፍ ሄጄ ነበር። ማለዳ ስለነበር ሽኮኮዎቹ ከድንጋዩ ስንጥቅ ወጥተው፣ በቋጥኙ ላይ ተጠጋግተው ፀሐይ ይሞቁ ነበር፤ ተማሪዎቹም ድምፅ ሳያሰሙ ተቀምጠው ክብ ጆሯቸውን፣ አጭር አፍንጫቸውን፣ ጭራ የሌለውን ጀርባቸውን በደብተራቸው ላይ ሣሉ። በማግስቱ ስለ ሕያዋን አመዳደብ ሳስተምር፣ ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ሁሉ ለሽኮኮ የቅርብ ዘመዶቹ ዝሆንና የባሕር ላም (በውኃ ውስጥ የሚኖር ሣር በል አጥቢ) እንደሆኑ ነገርኳቸው። በዚህ ጊዜ አንዲት ተማሪ ስዕሏን ከፍ አድርጋ አሳየችኝና፣ «መምህር፣ ይኼ በየት በኩል ነው ዝሆን የሚመስለው? መለኪያው መምሰል ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው? መምሰል ከሆነ ደግሞ ከብዙው መመሳሰል የትኛው እንደሚቆጠርና የትኛው እንደሚተው በምን ይታወቃል?» ስትል ጠየቀችኝ።

እኔም በዘረመል ምርመራ ተረጋግጧል ብዬ መለስኩላት፤ ነገር ግን ቃሉ ከአፌ እንደወጣ መልስ እንዳልሰጠኋት ገባኝ። በዘረመል ውስጥም ቢሆን የሚነጻጸረው መመሳሰልና መለያየት ነውና ጥያቄዋ ባለበት ነው የቆየው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ልጅቷን በ«ሳይንቲስቶች እንዲህ ብለዋል» ማሰናበት አልፈልግም።

ሌላም የተያያዘ ጥያቄ አለኝ። የጀርባ አጥንት ያላቸውን እንስሳት የማስተምረው በአምስት መደብ ከፍዬ ነው፤ ዓሦች፣ እንቁራሪት አስተኔዎች፣ ገበሎ አስተኔዎች፣ አዕዋፍና አጥቢዎች እያልኩ። ይሁን እንጂ የዛሬ ሊቃውንት ገበሎ አስተኔዎችን እንደ አንድ እውነተኛ ምድብ እንደማይቀበሏቸው አንብቤአለሁ። ምክንያቱን ከነአካሄዱ የሚያስረዳኝ ሰው ባገኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

አጥቢ እንስሳት አጥኚ፦

መምህር፣ ተማሪዎ ያነሣችው ጥያቄ ሊቃውንት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የተከራከሩበት ነው፤ ከክርክሩም አንዱ ክፍል የተካሄደው በራሱ በሽኮኮ ላይ ነው። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፒተር ሲሞን ፓላስ እ.ኤ.አ. በ1766 የደቡብ አፍሪካውን ሽኮኮ ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ፣ መልኩንና መጠኑን አይቶ ጊኒ ፒግ ከሚባሉት የደቡብ አሜሪካ የአይጥ ዘመዶች ጋር በአንድ ወገን መደበው። ፈረንሳዊው ዦርዥ ኩቪዬ ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አጽሙን ሲመረምር፣ የመንጋጋ ጥርሶቹ ከአይጥ የራቁና የአውራሪስን የሚመስሉ ሆነው ስላገኛቸው፣ ከአይጥ ወገን አውጥቶ ከአውራሪስ ጎን አኖረው። ከዚያ በኋላ ወደ ዝሆን የሚያስጠጉት ተነሡ፤ በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው ክርክርም እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዘለቀ። ሁሉም የሚያዩት ያንኑ እንስሳ ነበር፣ ሁሉም የሚመዝኑት መመሳሰልን ነበር፤ የተለያዩት ልክ ተማሪዎ እንዳለችው የትኛው መመሳሰል ይቆጠር በሚለው ላይ ነው።

ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ሕያዋንን በወገንና በዝርያ ስም እየጠራ ሲመድብ (የእንስሳት ሳይንሳዊ ስም ዛሬም የሚቆጠረው እሱ እ.ኤ.አ. በ1758 ካሳተመው እትም ጀምሮ ነው) መሠረቱ የአካል መመሳሰል እንጂ የጋራ ትውልድ አልነበረም። ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ያመጣው ለውጥ ይህ ነው፦ ትንንሾቹ ምድቦች በትልልቆቹ ውስጥ፣ ትልልቆቹም ከነሱ በሚበልጡት ውስጥ የሚከተቱት፣ ልጆች ከአባት፣ አባቶች ከአያት ስለሚወለዱ ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛ አመዳደብ ማለት ዘር ቆጠራ ነው። አሳቡ ግልጽ ቢሆንም አሠራሩ ግን ገና አልተገኘም ነበር። እኛ ሰባት ቤት ስንቆጥር እገሌ የእገሌ ልጅ እያለ የሚነግረን ሽማግሌ አለ፤ ለሽኮኮ ግን የሚቆጥርለት የለም፤ ሐረጉን ከራሱ ከአካሉ ማንበብ ያስፈልጋል።

የንባቡን ሕግ አጥርቶ ያስቀመጠው ዕድሜውን በዝንቦች ጥናት ያሳለፈው ጀርመናዊ ቪሊ ሄኒግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 የጦር ምርኮኛ ሆኖ ሳለ መጻፍ የጀመረውን ሥራ በ1950 አሳተመው። ሄኒግ ያስተማረው መመሳሰል ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ነው። አንዳንዱ መመሳሰል ነባር ነው፤ ሽኮኮም ጥንቸልም ፀጉር አላቸው፣ ልጆቻቸውን ያጠባሉ፤ ይህንን ግን ከሩቅ የአጥቢዎች ሁሉ አባት የወረሱት ስለሆነ፣ ላምም አንበሳም ሰውም ስላላቸው፣ ሽኮኮ ለማን እንደሚቀርብ ምንም አይነግረንም። አንዳንዱ ደግሞ ሳይዛመዱ መመሳሰል ነው፤ የሌሊት ወፍም ንስርም ክንፍ አላቸው፤ ነገር ግን የአንዱ ክንፍ በረጃጅም ጣቶች ላይ የተወጠረ ቆዳ ሲሆን የሌላው ከላባ የተሠራ ነው፤ ሁለቱም ለየብቻቸው ያገኙት ነው። ለዝምድና የሚመሰክረው ሦስተኛው ብቻ ነው፤ እሱም በአንድ ቅድመ አያት ላይ አዲስ ሆኖ ብቅ ያለና ለዚያ ቅድመ አያት ልጆች ብቻ የተላለፈ ለውጥ ነው። እኔ «የጋራ አዲስ ባሕርይ» እለዋለሁ።

እስቲ ይህንን ይዘን ወደ ሽኮኮ አፍ እንግባ። በጠረጴዛዬ ላይ የአንድ ወንድ ሽኮኮ የራስ ቅል አለ። በላይኛው መንጋጋ ፊት ለፊት ሁለት ጥርሶች ብቻ አሉት፤ እንደ አይጥ ጥርስ ጠፍጣፋ መሮ አይደሉም፤ በሦስት ማዕዘን ተቀርጸው ጫፋቸው የሾለ፣ ዕድሜውን ሙሉ የሚያድጉ ትናንሽ ቀንዶች ይመስላሉ። የዝሆን ጥርስ የምንለውም ዕድሜ ልክ የሚያድግ የፊት መቁረጫ ጥርስ ነው፤ ዱጎንግ ከሚባለው የባሕር ላም የወንዱም ጥርስ እንዲሁ። የከርከሮን ጥርስ ብናይ ደግሞ ከአፉ ወጥቶ እንደ ዝሆን የተቆለመመ ቢሆንም መነሻው ክራንቻው ነው፤ ስለዚህ ለዓይን ቢመስልም ከዝሆኑ ጋር አይቆጠርም። እግሩም ሌላ ምስክር ነው። ተማሪዎችዎ በቅርብ ለማየት ቢችሉ ኖሮ፣ በሽኮኮ የፊት እግር ላይ አራት፣ በኋላው ላይ ሦስት ጣቶች ያገኙ ነበር፤ ጥፍሮቹም ከኋላ እግር ውስጠኛ ጣት በቀር (እሱ ፀጉር ማበጠሪያ ነው) ጠፍጣፋና ሰኮና መሰል ናቸው፤ የዝሆንም ጥፍሮች እንዲሁ ናቸው። የወንዱ የዘር ፍሬም በሁለቱም እንስሳት ወደ ውጭ ሳይወርድ በሆድ ውስጥ ይቀራል።

እነዚህ ምልክቶች ተደምረው ወደ ዝሆን ቢያዘነብሉም ተቃራኒ ምልክቶች ስለነበሩ ክርክሩን ለብቻቸው አልዘጉትም፤ የዘረመል ንባብ የገባው በዚህ ጊዜ ነው።

የብራና መጻሕፍት አጥኚ፦

ስለ እንስሳት የተማርኩት እምብዛም ነው፤ ሥራዬ የግዕዝ ብራና መጻሕፍትን ማመሳከር ነው። ከላይ የተጻፈውን ሳነብ ግን የየዕለት ሥራዬ ሲተረክ የሰማሁ መሰለኝ፤ ለተማሪዋ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ይህን ጨመርኩ።

የአንድ ድርሰት ሃያ ቅጂዎች በእጄ አሉ እንበል፤ ደራሲው የጻፈው የመጀመሪያው ብራና ግን ጠፍቷል። የትኛው ከየትኛው እንደተገለበጠ የሚናገር ጽሑፍም የለም። በዚህ ጊዜ ቅጂዎቹ በትክክለኛው ንባብ መስማማታቸው ስለ ዝምድናቸው ምንም አያስረዳኝም፤ ትክክለኛውን ንባብ ሁሉም ከመጀመሪያው ብራና ሊወርሱት ይችላሉና። የምፈልገው የጋራ ግድፈትን ነው። ቁም ጸሐፊው አንድ ቃል ጽፎ ዓይኑን ወደ መነሻው ቅጂ ሲመልስ፣ ያው ቃል ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ተደግሞ ከሆነ፣ ዓይኑ ከታችኛው ላይ ያርፍና በመካከል ያለው መስመር ይዘለላል። ከእሱ ቅጂ የሚገለብጡ ሁሉ ያንን መስመር አያውቁትም። ስለዚህ ከሃያው ቅጂ በሦስቱ ውስጥ ያው መስመር በዚያው ቦታ ላይ ጎድሎ ካገኘሁ፣ ሦስቱ መስመሩን ከዘለለ ከአንድ ብራና የወረዱ ወንድማማቾች ናቸው እላለሁ።

ግድፈት ሁሉ ግን እኩል አይመዘንም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሠ እና ሰ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ ስለሆኑ፣ ሳይተዋወቁ በተለያየ አገር የተቀመጡ ጸሐፊዎች አንዱን በሌላው እየለወጡ ይጽፋሉ። ሁለት ቅጂዎች «ሠናይ»ን በእሳቱ «ሰ» ስለጻፉ ብቻ ዘመዳማች ናቸው ማለት አልችልም። የመስመር መዘለል ግን በአጋጣሚ በዚያው ቦታ ሁለት ጊዜ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ቢሆንም እጅግ ብርቅ ነው።

መልክም ያታልላል። በአንድ ወቅት ሁለት የተአምረ ማርያም ቅጂዎችን ጎን ለጎን አስቀምጬ ነበር። አንዱ ትልቅ፣ በሐረግ ጌጥ ያሸበረቀ፤ ሌላው ትንሽ፣ ዳሩ የተበላ፣ የጽሕፈቱ እጅም ቀለሙም የተለየ ነበር። ሆኖም ሁለቱም በዚያው ተአምር መካከል ያንኑ አንድ ዐረፍተ ነገር ያጎድላሉ። በአንጻሩ እጅግ የሚመሳሰሉ፣ ምናልባትም በአንድ ጸሐፊ እጅ የተጻፉ ሁለት ቅጂዎች ከሁለት የተለያዩ መነሻዎች የተገለበጡ ሆነው አግኝቻለሁ። የሽኮኮና የጥንቸል፣ የሽኮኮና የዝሆን ነገር ይህንን አስታወሰኝ። ለመሆኑ በዘረመል ፊደላት ውስጥ የመስመር መዘለልን የሚመስል ነገር ይገኛል?

አጥቢ እንስሳት አጥኚ፦

ይገኛል፤ ይልቁንም ለሽኮኮ ጉዳይ የሚሆነው ምሳሌ ቁርጥ እርስዎ እንደገለጹት ያለ ነው። ቢአርሲኤ-1 የሚባል ዘረመል አለ፤ በሰው ላይ ከጡት ካንሰር ጋር በተያያዘ ስሙ ይነሣል። በዚህ ዘረመል ውስጥ በአንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ከሽኮኮ፣ ከዝሆን፣ ከባሕር ላም፣ ከአዋልዲጌሳና በአፍሪካና በማዳጋስካር ከሚኖሩ ጥቂት ትናንሽ አጥቢዎች ዘጠኝ ተከታታይ ፊደላት (ማለትም ዘረመል የተሠራባቸው ተከታታይ ኬሚካላዊ ክፍሎች) ጎድለዋል። በፈረስ፣ በአውራሪስ፣ በአይጥ፣ በጥንቸልና በሰው ላይ ግን ዘጠኙ ፊደላት በቦታቸው አሉ። መጉደል እንጂ መጨመር አለመሆኑን የምናውቀው ከክርክሩ ውጭ ያሉትን ዘመዶች ጠይቀን ነው፤ እኔ «የውጭ ምስክር» እላቸዋለሁ። ሌሎቹ አጥቢዎች ሁሉ ፊደላቱ ካሏቸው፣ ነባሩ መኖራቸው ነው፤ አዲሱ ለውጥ መጉደላቸው ነው።

የድምፀ ተመሳሳይ ፊደላቱም ምሳሌ በትክክል ይሠራል። የዘረመል ፊደላት አራት ብቻ ስለሆኑ፣ በአንድ ቦታ ላይ የነበረ ፊደል በሁለት በማይዛመዱ እንስሳት ላይ በአጋጣሚ ወደ ያው ፊደል ሊለወጥ ይችላል፤ ደግሞም ተመልሶ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ አንዲት ነጠላ ፊደል ብቻዋን አትታመንም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቦታዎች በአንድነት ይነጻጸራሉ፤ ከሚቻሉት የዘር ሐረጎች መካከል የትኛው በአነስተኛ ድግግሞሽ ወይም በተሻለ የዕድል ስሌት ያንን ሁሉ ፊደል እንደሚያስረዳ በኮምፒውተር ይሰላል። ለተማሪዎ «በዘረመል ተረጋግጧል» ሲሏት የጎደለው ይህ ነበር፤ ዘረመል አዲስ ሚዛን አላመጣም፤ ያው ሚዛን የሚመዝናቸውን ምስክሮች ግን ከጥቂት አሥሮች ወደ ብዙ ሺህ አሳደጋቸው።

ከእነዚህ ምስክሮች የወጣው ሐረግ እ.ኤ.አ. በ1998 አፍሮቴሪያ ተብሎ ተሰየመ፤ ትርጉሙም የአፍሪካ አራዊት እንደማለት ነው። በዚህ ሐረግ ውስጥ ዝሆን፣ ሽኮኮና የባሕር ላም ይበልጥ ይቀራረባሉ፤ አሜሪካዊው ጆርጅ ጌሎርድ ሲምፕሰን አጥንትን ብቻ ተመልክቶ ሦስቱን እ.ኤ.አ. በ1945 በአንድ ስም ሰብስቧቸው ነበር። አዋልዲጌሳ ግን ከዝሆን ጋር ሐረግ ይጋራል ብሎ በመልኩ የሚገምት ሰው አይገኝም።

አንድ ስህተት እንዳይገባ ይጠንቀቁ። ሽኮኮ ወደ ዝሆንነት አልተለወጠም፤ ዝሆንም አልኮሰሰም። ሁለቱም ዛሬ ከጠፋ አንድ ቅድመ አያት ወርደው በየራሳቸው መንገድ ሄደዋል። የጥንቶቹ የሽኮኮ ዘመዶችም እንደ ዛሬው ትናንሽ ብቻ አልነበሩም። በግብፅ ፋዩም በተባለው ስፍራ ትንሽ አውራሪስ የሚያክሉ ሽኮኮዎች አጽም ተገኝቷል፤ በአገራችንም ከጎንደር በስተምዕራብ በጭልጋ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠረው የድንጋይ ንጣፍ ውስጥ የጥንት ሽኮኮዎችና የጥንት ዝሆኖች ቅሪቶች በአንድ ላይ ተቆፍረው ወጥተዋል። ያኔ አፍሪካና ዐረቢያ ከእስያ በባሕር የተለዩ አንድ የብስ ነበሩ፤ ይህ ሐረግ ለብቻው የበለጸገውም በዚያ መገለል ዘመን ነው። ጭልጋ ለተማሪዎችዎ ሩቅ አገር አይደለምና፣ ይህን በክፍል ቢነግሯቸው ደስ ይለኛል።

መምህር ከሰሜን ሸዋ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የብራናው ምሳሌ ለእኔም አዲስ ብርሃን ሰጥቶኛል። ስለ ገበሎ አስተኔዎች ያነሣሁት ጥያቄ ግን ገና ስለሚያሳስበኝ፣ ጊዜ ያለው ሰው ቢመልስልኝ። ለመሆኑ አዞንና እንሽላሊትን በአንድ ላይ መጥራት ምኑ ነው ስህተቱ?

አጥቢ እንስሳት አጥኚ፦

አዞንና እንሽላሊትን አንድ ላይ መጥራት ስህተት አይደለም፤ ስህተቱ እርግብን ከዚያ ማስቀረት ነው።

የዘር ቆጠራ ሲባል አንድ ቅድመ አያትና ከእሱ የወረዱ ልጆች በሙሉ ማለት ነው። አንዱ የልጅ ልጅ ከተማ ገብቶ ልብሱና አነጋገሩ ስለተለወጠ ከአያቱ የዘር ቆጠራ አይፋቅም። ገበሎ አስተኔ የምንለው ምድብ ግን እንዲህ ያለ ፍቀት የተፈጸመበት ነው። የአዞና የእንሽላሊት የጋራ ቅድመ አያት የአዕዋፍም ቅድመ አያት ነው፤ ከዚያም አልፎ የአዞ ሐረግና የወፍ ሐረግ የተለያዩት ከእንሽላሊት ሐረግ ከተለዩ በኋላ ነው። ስለዚህ በጫሞ ሐይቅ ዳር ተጋድሞ የሚታየው አዞ ከጎኑ ከሚሮጠው እንሽላሊት ይልቅ በላዩ ለሚያልፈው ይብራ ይቀርባል። በመካከላቸው የነበሩት ብዙዎቹ ዘመዶች፣ ዳይኖሰሮችን ጨምሮ፣ ስለጠፉ ነው ርቀቱ ትልቅ መስሎ የሚታየን።

ምልክቶቹም አሉ። የአዞ ልብ እንደ ወፍ ልብ አራት ክፍል አለው፤ የእንሽላሊትና የእባብ ልብ ታችኛው ክፍል ግን ሙሉ በሙሉ አልተከፈለም። (የአጥቢዎችም ልብ አራት ክፍል ያለው ቢሆንም፣ ያንን ያገኙት ለብቻቸው ነው፤ ይህን የምናውቀው ሌሎቹ ምስክሮች ሁሉ አጥቢዎችን ከሌላ ቅርንጫፍ ላይ ስለሚያስቀምጧቸው ነው።) እናት አዞ እንቁላሏን ቀብራ ትጠብቃለች፤ ጫጩቶቹ ገና ከእንቁላሉ ሳይወጡ ሲጮኹ ሰምታ አፈሩን ቆፍራ ታወጣቸዋለች። ዶሮ ያረባ ሰው በመፈልፈያው ቀን ከቅርፊቱ ውስጥ የሚሰማውን ድምፅ ያውቀዋል።

ዓሣ የሚለውም ስም እንዲሁ ነው። ሳንባ ያለው ዓሣ በዘር ቆጠራ ከቆሮሶ ይልቅ ለላም ይቀርባል፤ ላምን ሳንጨምር ሁለቱን ዓሦች ለብቻቸው አንድ ሐረግ ማድረግ አይቻልም። እኔ በበኩሌ ገበሎ አስተኔና ዓሣ የሚሉትን ስሞች ከክፍል አውጥተው እንዲጥሉ አልመክርም። ለአኗኗርና ለአካል ሁኔታ መግለጫ ሆነው ይጠቅማሉ፤ የሚበላና የማይበላ፣ ለማዳና አውሬ የሚሉት አከፋፈሎችም ለየአገልግሎታቸው ትክክል እንደሆኑ ሁሉ። ግን «ይህ ስም የአኗኗር ነው፤ ይህኛው የዘር ነው» ብለው ይለዩላቸው።

ለማሳያ የሚሆን አንድ ነገር ላክል። በዓል ሲመጣ ከታረደው በግ የኋላ እግር ቁርጭምጭሚቱን አጥንት ያስቀሩ። በመዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ ከላይም ከታችም እንደ መዘውር የተቦረቦረች አጥንት ናት። ፍየል፣ ላም፣ ግመል፣ አጋዘን፣ ጉማሬ ሁሉ ይህች ባለ ሁለት መዘውር አጥንት አለቻቸው፤ ፈረስና ውሻ ግን መዘውራቸው ከላይ ብቻ ነው። የዘረመል ንባብ ዓሣ ነባሪን ከእነዚህ ባለ ሹካ ሰኮና እንስሳት መካከል፣ ያውም ከጉማሬ አጠገብ ሲያስቀምጠው፣ ብዙ የአጥንት ሊቃውንት ለማመን ተቸግረው ነበር፤ የዛሬ ዓሣ ነባሪ የኋላ እግር የለውምና ቁርጭምጭሚቱን ማየት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2001 ግን ከፓኪስታን የወጡ፣ እግር የነበራቸው የጥንት ዓሣ ነባሪዎች አጽሞች ተገለጹ፤ በቁርጭምጭሚታቸውም ላይ ያቺው ባለ ሁለት መዘውር አጥንት ተገኘች።

የሰብል ዝርያ ተመራማሪ፦

ውይይቱ በእንስሳት ላይ ብቻ እንዳይቀር ከእህል ወገን ጥቂት ልጨምር። ጤፍን፣ ስንዴን፣ ገብስን፣ ማሽላን፣ በቆሎንና ዳጉሳን ሁሉ እህል ብለን እንጠራቸዋለን፤ ሁሉም የሣር አስተኔ ናቸው። በዘር ቆጠራ ግን በተለያዩ ቅርንጫፎች ላይ ነው ያሉት። ስንዴና ገብስ የቅርብ ወንድማማቾች ናቸው፤ ማሽላና በቆሎ በሌላ ቅርንጫፍ ላይ ይገናኛሉ፤ ጤፍና ዳጉሳ ደግሞ በሦስተኛው። ይህ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። የስንዴ ግሉተን የሚጎዳቸው ሰዎች ገብስም የሚጎዳቸው፣ ሁለቱ ተመሳሳይ ፕሮቲኖችን ከጋራ አባታቸው ስለወረሱ ነው፤ ጤፍ ግን ከዚያ ሐረግ ስላልሆነ እነዚያ ፕሮቲኖች የሉትም። እኛም ለጤፍ የሚሆን ጠቃሚ ባሕርይ ስንፈልግ መጀመሪያ የምናየው የዱር ዘመዶቹን ነው፤ የቅርብ ዘመድ ብዙ ነገር እንደሚጋራ አስቀድመን እንጠብቃለንና።

ለብራናው ሊቅ ደግሞ አንድ ጥያቄ መሰል አስተያየት አለኝ። በዕፅዋት ዘንድ ቅርንጫፎች መለያየት ብቻ ሳይሆን መልሰው መገናኘትም ያውቃሉ። የዳቦ ስንዴ በሴሉ ውስጥ የሦስት የተለያዩ ሣሮችን ሙሉ የዘረመል ስብስብ ይዟል። ሁለቱ ቀድመው ተዳቀሉ፤ ሦስተኛው፣ ማለትም አንድ የዱር ሣር፣ እርሻ ከተጀመረ በኋላ ገባባቸው። በአገራችን ለብዙ ዘመን የተዘራው የማካሮኒ ስንዴ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው ያሉት። ጤፍም በበኩሉ የሁለት ጥንታውያን ሣሮች ስብስብ አለው። ስለዚህ ለስንዴ የዘር ሐረግ ስንሥል አንድ ቅርንጫፍ ሁለት ወላጅ ሐረጎች ይኖሩታል፤ የትኛውን ዘረመል እንዳነበብን ካልጠቀስንም የምናገኘው ዘመድ ይለያያል።

ለተማሪዎቹ ሌላ የሚገርማቸው ነገር ልጠቁም። እንጀራ ሲቦካ በሊጡ ውስጥ የሚሠሩት የእርሾ ፈንገሶች፣ በዘር ቆጠራ ለጤፉ ከሚቀርቡት ይልቅ ሊጡን ላቦካችው ሴት ይቀርባሉ። ድሮ ፈንገሶች ከዕፅዋት ጋር ይመደቡ ነበር፤ ዛሬ ግን ከእንስሳት ጋር የጋራ ቅድመ አያት እንዳላቸው ታውቋል። በፈንገስ የሚመጣ በሽታን ሰውን ሳይጎዱ ማከም አስቸጋሪ የሚሆንበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው፤ የሴላቸው አሠራር ከእኛው ጋር ብዙ ይመሳሰላልና።

የብራና መጻሕፍት አጥኚ፦

በእኛም ዘንድ ይህ አለ። አንዳንድ ጸሐፊ ሁለት መነሻ ቅጂዎችን ከፊቱ ዘርግቶ እያገናዘበ ይጽፋል፤ ወይም ከአንዱ ገልብጦ ከጨረሰ በኋላ በሌላው ያርመዋል። እንዲህ ያለው ቅጂ የሁለት ቤተሰብ ግድፈት ስለሚይዝ ሐረግ ስንሥል እጅግ ያስቸግረናል። መፍትሔያችንም መጽሐፉን በአንድነት ሳይሆን ምዕራፍ በምዕራፍ ማመሳከር ነው።

መምህር ከሰሜን ሸዋ፦

ይህን የምጽፈው ትምህርቱን ከሰጠሁ በኋላ ነው። አንድ አጭር ጽሑፍ መርጬ፣ እየገለበጥኩ ግድፈት እያስገባሁ፣ ስድስት ቅጂዎች አዘጋጀሁና በየቡድኑ አደልኳቸው። በሦስቱ ላይ አንድ መስመር ዘለልኩ፤ ሀ እና ሐን ደግሞ እንደመጣልኝ አቀያየርኩ። አብዛኞቹ ቡድኖች መጀመሪያ በሀ እና በሐ ተስበው ተሳሳቱ፤ የጎደለውን መስመር ሲያገኙ ግን ሥዕላቸውን አፍርሰው እንደገና ሠሩት። ከዚያም የዘጠኙን ፊደላት ነገር ነገርኳቸው።

ያቺው ተማሪ ግን አሁንም ጥያቄ አላት፦ «ሁለት ጸሐፊዎች ሳይገናኙ በዚያው ቦታ ያንኑ መስመር ዘለው ቢሆንስ? ቃሉ የተደገመው እኮ ለሁለቱም ነው» አለችኝ። ቁም ነገር ያለው ጥያቄ መሰለኝ።

አጥቢ እንስሳት አጥኚ፦

ልክ ናት፤ በዘረመልም ውስጥ ፊደላት ተደጋግመው በሚገኙበት ቦታ መዘለል ይበዛል፤ ስለዚህ እንዲህ ባለ ቦታ የተገኘ ጉድለት በጥርጣሬ ነው የሚታየው። የአፍሮቴሪያ ሐረግ በዚያች በአንዲት ጉድለት ላይ ቢቆም ኖሮ እኔም አልቀበለውም ነበር። የተቀበልነው ከብዙ ሌሎች ዘረመሎች የተነበቡ ሺዎች ፊደላት ለየብቻቸው ወደዚያው ሐረግ ስለመሩን ነው። ከዚህም በላይ የሚታመን ሌላ ምልክት አለ፤ ራሳቸውን ገልብጠው በዘረመሉ ውስጥ በሌላ ቦታ የሚሰኩ ቁራጮች አሉ። በብራና ቋንቋ ብንገልጸው፣ ከሌላ መጽሐፍ የመጣ አንድ ገጽ በስህተት በሁለት ቅጂዎች ውስጥ በዚያው ቃል መካከል ተሰፍቶ እንደመገኘት ነው። የዓሣ ነባሪንና የጉማሬን ዝምድና ካጠናከሩት ማስረጃዎች አንዱ እንዲህ ያሉ ቁራጮች በሁለቱ እንስሳት ዘረመል ውስጥ በዚያው ቦታ ተሰክተው መገኘታቸው ነው፤ በላምና በአሳማ ዘረመል ውስጥ ያ ቦታ ባዶ ነው። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ከስድስቱ ቅጂዎች በሁለቱ ላይ ከሌላ ጽሑፍ የተወሰደ አንድ ዐረፍተ ነገር ያስገቡና፣ እሷ የትኛውን ምልክት አስቀድማ እንደምትይዝ ይጻፉልን።